ከድድ የሚወሰድ ስቴም ሴል ወይስ የተለመደው ሕክምና? የጥርስን ድጋፍ ለማደስ ያሉ አማራጮች ንጽጽር

ጥርሳቸው መነቃነቅ የጀመረ ሰዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ድዳቸው ሲደማ ብሩሹ ጠንክሮ ነው ብለው ያልፉታል፤ ድዱ ሲሸሽ ዕድሜ ነው ይላሉ፤ ጥርሱ በምላስ ሲነካ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ይደነግጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰሟቸው ምክሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ ሐኪም ይነቀል ይላል፤ ሌላው በደንብ ታጥቦ ይታይ ይላል፤ ሦስተኛው ተከፍቶ የአጥንት ብናኝ ይሞላ ይላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከራስ ድድ በሚወሰድ ስቴም ሴል (ግንደ ሕዋስ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ የመለወጥ ችሎታ ያለው ሕዋስ) የጠፋውን አጥንት እንደገና ማብቀል ይቻላል የሚል ተስፋ በብዛት ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ ሕመም በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚያጠቃ ገልጿል፤ ስለዚህ ይህ ግራ መጋባት የጥቂቶች ችግር አይደለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ውሳኔ ከፊታቸው ለተደቀነባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። በየትኛውም አምራች ስም ላይ አያተኩርም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእነዚሁ መመዘኛዎች ይመረምራል። ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው በስቴም ሴሉ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተስፋውም ውዥንብሩም ያለው እዚያ ነው።

የጠፋው ምንድን ነው?

ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር ተመትቶ የገባ አይደለም። ሥሩን ሲሜንተም የሚባል ስስና ጠንካራ ንብርብር ይሸፍነዋል፤ ዙሪያውን አጥንት ይከበዋል። በሁለቱ መካከል፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በምታንስ ክፍተት ውስጥ፣ የጥርስ ጅማት ክሮች አንዱን ጫፋቸውን በሲሜንተሙ፣ ሌላውን በአጥንቱ ተክለው ጥርሱን እንደ አልጋ ጠፍር ወጥረው ይይዙታል። ድዱ ከላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ይዘጋል። በሥሩ ላይ የሚከማቸው የባክቴሪያ ንብርብር የሚያስነሣው ብግነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ክሮቹ ይበጠሳሉ፣ አጥንቱ ይሟሟል፣ በድዱና በሥሩ መካከልም ኪስ ይፈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል። ቁስሉ መዳኑ አንድ ነገር ነው፤ የጠፋው መልሶ መብቀሉ ሌላ ነገር ነው። ሥሩ ከታጠበ በኋላ ወደ ክፍተቱ ቀድሞ የሚደርሰው ከሁሉም በፍጥነት የሚያድገው የድድ ሽፋን ሕዋስ ነው። እሱም ሥሩን እየተከተለ ወደ ታች ይወርድና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ኪሱ ይቀንሳል፣ መድማቱ ይቆማል፤ ነገር ግን አዲስ ሲሜንተም፣ አዲስ ጅማትና አዲስ አጥንት አልተፈጠሩም። ሜልቸር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ያነሣው ሐሳብ የዘርፉን አቅጣጫ የለወጠው ስለዚህ ነው፦ ወደ ቁስሉ ቀድሞ የደረሰው የሕዋስ ዓይነት የፈውሱን ዓይነት ይወስናል። ከዚያ ወዲህ የመጡት የማደስ ሕክምናዎች በሙሉ፣ ስቴም ሴልን ጨምሮ፣ ትክክለኛው ሕዋስ ቀድሞ እንዲደርስ የሚደረጉ ጥረቶች ናቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የጉዳቱ ቅርጽ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። አጥንቱ በአንድ ጥርስ ጎን ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ሆኖ ከጠፋ፣ በተለይም ጉድጓዱ በሁለት ወይም በሦስት የአጥንት ግድግዳዎች ከተከበበ፣ የማደስ ዕድሉ ጥሩ ነው። ግድግዳዎቹ የተጨመረውን ነገር ይይዙታል፣ ለአዲሱ ሕብረ ሕዋስም ደምና ሕዋስ ይመግቡታል። አጥንቱ በብዙ ጥርሶች ዙሪያ እኩል ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን ዛሬ ያለ ማንኛውም ሕክምና በአስተማማኝ ሁኔታ ወደ ላይ አይመልሰውም። ብዙ ሕሙማን ያለባቸው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ማስታወቂያዎች ደግሞ ይህን አይናገሩም።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው፦ ሕክምናው በእንስሳት ላይ ብቻ ነው የተፈተነው ወይስ በሰው ላይ፣ ያለ እሱ ከታከሙ ሰዎች ጋር ተነጻጽሯል ወይ፣ ውጤቱስ ለምን ያህል ጊዜ ቆይቷል? ሦስተኛው የቁሱ ምንጭ ነው፤ ከራስ፣ ከሌላ ሰው፣ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከፋብሪካ ሊመጣ ይችላል። ይህ ከደኅንነት በተጨማሪ የእምነት ጥያቄም አለበት። አራተኛው ደኅንነቱና ሕጋዊ ፈቃዱ፣ አምስተኛው የሚወስደው ጊዜና የቀዶ ሕክምናው ብዛት፣ ስድስተኛው ወጪው ነው። በመጨረሻም የሕመምተኛው ሁኔታ አለ፦ በቀን ከ10 በላይ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የስኳር ሕመሙን ያልተቆጣጠረ ወይም ጥርሱን በየዕለቱ በአግባቡ የማያጸዳ ሰው ከየትኛውም አማራጭ የሚያገኘው ጥቅም ያነሰ ነው። ይህ ለስቴም ሴልም ይሠራል።

ጥልቅ እጥበትና ክትትል

ይህ የሁሉም መሠረት ነው። የአውሮፓ የድድ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት የዕለት ንጽሕና ይስተካከላል፣ ከድድ በታች ያለው የተጋገረ ቆሻሻ ተጠርጎ ይወጣል፣ ከዚያም ድዱ እንዲያገግም ጊዜ ተሰጥቶት ኪሶቹ እንደገና ይለካሉ። ኪሱ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ካልደማ ግቡ ተመትቷል። 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ኪስ ከቀረና ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው የአጥንት ጉድጓድ ካለ የማደስ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በአገራችን «ጥርስ ማሳጠብ» ሲባል ብዙ ሰው ከድድ በላይ ያለውን ማጽዳት ብቻ ያስባል፤ እዚህ የሚባለው ግን በማደንዘዣ የሚሠራ፣ እስከ ኪሱ ወለል የሚደርስ ሥራ ነው። ልዩነቱን ጠይቆ መረዳት ይገባል።

የአጥንት መሙያ፣ መከለያ ሜምብሬንና የኢናሜል ፕሮቲን

የአጥንት መሙያ ከራስ መንጋጋ ከሚወሰድ አጥንት፣ ከሌላ ሰው ከተገኘና ከተዘጋጀ አጥንት፣ ከከብት አጥንት ወይም በፋብሪካ ከሚሠራ የካልሲየም ፎስፌት ውህድ ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱን ይሞላል፣ ድዱ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅም ይደግፋል። ይሁን እንጂ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ መታየቱ አዲስ ጅማት ለመብቀሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ በተለይ በፋብሪካ የተሠራው መሙያ ብቻውን ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ በዙሪያው ተራ ሕብረ ሕዋስ ይፈጠራል እንጂ እውነተኛው ድጋፍ አይበቅልም።

መከለያ ሜምብሬን የሜልቸርን ሐሳብ በቀጥታ ሥራ ላይ ያዋለ ዘዴ ነው። በስዊድን ጎተንበርግ ኒማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው፣ በድዱና በሥሩ መካከል ስስ ከለላ ሲቀመጥ የድድ ሽፋን ሕዋስ እንዳይወርድ ይታገዳል፣ ከጅማቱ የሚመጡት ሕዋሳትም ቦታውን የመያዝ ዕድል ያገኛሉ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት በሰውነት ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ነው። የኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ የላይ ሽፋን) ፕሮቲን ደግሞ በታጠበው ሥር ላይ የሚቀባ ጄል ሲሆን፣ ጥርስ በፅንስ ወቅት ሲፈጠር የሚታየውን ሂደት በመኮረጅ አዲስ ሲሜንተም እንዲፈጠር ያነሣሣል።

እነዚህ ሁለቱ፣ ብቻቸውን ወይም ከአጥንት መሙያ ጋር፣ ዛሬ ከሁሉም ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው ናቸው። የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንታኔ እንዳሳየው የማደስ ሕክምና ድዱን ከፍቶ ከማጽዳት ብቻ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ተጨማሪ የድጋፍ ትርፍ (ጥርሱን የሚይዘው ሕብረ ሕዋስ በሥሩ ላይ የተመለሰበት መጠን) ይሰጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አማካይ ነው፣ ጥሩ ቅርጽ ባለው ጉድጓድ ላይ ውጤቱ ከዚህ ይበልጣል።

ስለ ምንጩ ግን በግልጽ መነገር አለበት። የኢናሜል ፕሮቲኑ የሚዘጋጀው ገና በማደግ ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ ነው። ከሚሟሟት ሜምብሬኖች ብዙዎቹም ከአሳማ ኮላጅን (በቆዳና በጅማት ውስጥ ከሚገኝ ፕሮቲን) የተሠሩ ናቸው፤ ከከብት የሚዘጋጁም አሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምናም ሆነ የአይሁድ እምነት ተከታይ የሆነ ሕመምተኛ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማወቅ መብት አለው። ለሕክምና መዋሉ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ከንስሐ አባቱ፣ ከዓሊሙ ወይም ከራቢው ጋር መምከር የእሱ ፈንታ ነው፤ ምንጩን መናገር ግን የሐኪሙ ግዴታ ነው። ምትክ አማራጭ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ መጠየቅ ሕክምናውን አያሳጣም።

የዕድገት ፋክተሮችና ከራስ ደም የሚዘጋጅ ፋይብሪን

በላብራቶሪ የሚመረቱ የዕድገት ፋክተሮች ሕዋሳትን የሚጠሩና የሚያባዙ ፕሮቲኖች ናቸው። ከደም አርጊ ሕዋስ የተገኘውን ዓይነት ከሰው ሠራሽ መሙያ ጋር ለዚህ ሕክምና እንዲውል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ፈቅዷል፤ ጃፓን ደግሞ ትራፈርሚን የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቅዳለች። ውጤታማ ናቸው፤ ከተፈቀዱባቸው አገሮች ውጭ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ፋይብሪኑ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው፦ ከሕመምተኛው ክንድ ደም ይቀዳል፣ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፣ የሚገኘው የረጋ ቁራጭ በጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። ከራስ የሚገኝና በአንጻራዊነት ርካሽ ነው። አንዳንድ ክሊኒኮች ይህን ራሱን «ስቴም ሴል» ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ስሕተት ነው። ፋይብሪን የደም ንጥረ ነገርና የዕድገት ፋክተሮች ስብስብ እንጂ የስቴም ሴል ሕክምና አይደለም።

ስቴም ሴል፦ ለምን ከድድ?

በአፍ ውስጥ ስቴም ሴል የሚገኝባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከጥርስ ውስጠኛ ሥጋ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ከወተት ጥርስ በ2003፣ ከጥርስ ጅማት በ2004 ተለይተው ተገልጸዋል። ከድድ የሚገኙት የተገለጹት በ2009 ሲሆን፣ የወጡት ከላይኛው ሽፋን ሥር ካለው የድድ ሥጋ ነው።

ድድ ለምን ተመረጠ ለሚለው በቂ ምክንያት አለ። የጅማት ስቴም ሴል ለማግኘት ጥርስ መነቀል አለበት፤ የመቅኔ ስቴም ሴል ለማግኘት ከዳሌ አጥንት በመርፌ መቅዳት ያስፈልጋል። ድድ ግን በየትኛውም ዕድሜ አለ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ቁራጭ በአካባቢ ማደንዘዣ ይወሰዳል፣ ቁስሉም በቀናት ውስጥ ያለ ጠባሳ ይድናል። በሌላ ምክንያት በሚሠራ የድድ ቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የሚጣለው ቁራጭ እንኳ ሊያገለግል ይችላል። ሕዋሳቱ በላብራቶሪ በፍጥነት ይባዛሉ፤ ወደ አጥንት፣ ወደ ካርቲሌጅ (ለስላሳ አጥንት) እና ወደ ስብ ሕዋስ የመለወጥ ችሎታም አሳይተዋል።

ከሁሉም በላይ ተመራማሪዎችን የሳበው ግን ብግነትን የማብረድ ባሕርያቸው ነው። የድድ ስቴም ሴሎች የመከላከያ ሕዋሳትን መቆጣት ያረጋጋሉ፣ ከእነዚህም ማክሮፋጅ የሚባሉትን ከአፍራሽነት ወደ ጠጋኝነት እንዲያዘነብሉ ያደርጋሉ። የድድ ሕመም በመሠረቱ ያልበረደ ብግነት ስለሆነ ይህ ባሕርይ ለዚህ በሽታ የተለየ ትርጉም አለው። ስቴም ሴል ሁልጊዜ ራሱ አጥንት ሆኖ ጉድጓዱን እንደሚሞላ ጡብ ተደርጎ ይታሰባል። አሁን እየጎላ የመጣው ግንዛቤ ግን የተለየ ነው፦ ከተተከሉት ሕዋሳት ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ በቦታው አይቆዩም፤ ትልቁ ሥራቸው በሚለቁት ምልክት አማካኝነት የአካባቢውን ሕዋሳት ማነሣሣት ነው። አንዳንድ ቡድኖች ሕዋሱን ትተው ከእሱ በሚወጡ ጥቃቅን ከረጢቶች ላይ መሥራት የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለ፤ ጠንቃቃ አንባቢም ሳያነሣው አያልፍም። ለ40 ዓመታት የማደስ ሕክምና የድድ ሕዋስ ወደ ሥሩ እንዳይደርስ ሲከለክል ኖሯል፤ አሁን የድድ ሕዋስ ተባዝቶ ወደዚያው ጉድጓድ ለምን ይገባል? መልሱ ከፊል ነው። የሚታገደው በዋነኛነት የላይኛው ሽፋን ሕዋስ ነው፤ የሚባዛው ደግሞ ከሥጋው ተለይቶ የሚወጣው ስቴም ሴል ነው። በጀርመን ኪል ዩኒቨርሲቲ በትናንሽ አሳማዎች፣ በሌሎች ቡድኖችም በውሾች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ከድድ የተገኙ ስቴም ሴሎች አዲስ ሲሜንተም፣ ጅማትና አጥንት እንዲፈጠር ረድተዋል። ነገር ግን የጥርስ ጅማት ስቴም ሴል በተፈጥሮው ሲሜንተምና ጅማት ለመፍጠር የቀረበ ሲሆን፣ የድዱ ግን በትክክለኛ አጃቢ ቁስና ምልክት መመራት ያስፈልገዋል። የማግኘት ቀላልነት ለድድ ያዘነብላል፤ ለሥራው ያለው ተፈጥሯዊ ቅርበት ለጅማት ያዘነብላል። ምርጫው ገና አልተቋጨም።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃስ? እዚህ ላይ ስሜትን ገታ አድርጎ ቁጥሩን ማየት ይገባል። በቻይና ዢአን በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 30 ሕሙማን ተሳትፈዋል። አንዱ ቡድን የራሱን የጅማት ስቴም ሴል ከከብት አጥንት መሙያና ከሜምብሬን ጋር ሲያገኝ፣ ሌላው መሙያውንና ሜምብሬኑን ብቻ አገኘ። ከ12 ወራት በኋላ ሁለቱም ተሻሽለዋል፣ ከሕዋሱ የመጣ ጉዳትም አልታየም፤ በሁለቱ መካከል ግን ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 10 ሕሙማን በሦስት ንብርብር የተዘጋጀ የጅማት ሕዋስ ሉህ ተደርጎላቸው ጥሩ መሻሻል አሳይተዋል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት በጣሊያን በ29 ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናት ተስፋ ሰጪ ነው። ከጥርስ ውስጠኛ ሥጋ የተወሰደ፣ በላብራቶሪ ሳይባዛ የተከተፈ ሕብረ ሕዋስ በኮላጅን ስፖንጅ ላይ ሲቀመጥ በአንድ ዓመት ውስጥ የድጋፍ ትርፉ በአማካይ 4.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስፖንጅ ብቻ ያገኙት 2.9 ነበር። ከድድ የተገኙ ሕዋሳትን በተመለከተ የካይሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት አነስተኛ ጥናት ሕዋሱን በሰው ሠራሽ መሙያ ላይ አድርገው መጠቀማቸው ውጤቱን እንዳሻሻለ ዘግቧል። ይህ ለድድ ምንጭ ከሁሉም ቀጥተኛ የሆነው የሰው ማስረጃ ነው፤ በጥቂት ሕሙማን ላይ በመሠራቱ ግን ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

በአጭሩ፣ ሕዋሱ እስካሁን ባሉት ጥናቶች አደገኛ ሆኖ አልተገኘም፤ ከተለመደው ሕክምና እንደሚበልጥ ግን አልተረጋገጠም። በዚህ ላይ የአሠራሩ ክብደት ይጨመራል። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አለ፣ አንዱ ለመውሰድ፣ ሌላው ለመትከል። በመካከሉ ሕዋሱ የመድኃኒት ደረጃ ባለው ንጹሕ ላብራቶሪ ለሳምንታት ይባዛል፣ ከባክቴሪያ ንጹሕ መሆኑና ጤናማ ባሕርዩን መጠበቁ ይመረመራል። የሚባዛበት ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከጥጃ ፅንስ ደም የተወሰደ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ይይዛል፤ ከዚህ ነጻ የሆኑ ዘዴዎችም አሉ። ይህ ሁሉ ወጪውን ከሌሎቹ አማራጮች በብዙ ያርቀዋል።

የአሜሪካው መቆጣጠሪያ አካል የጥርስን ድጋፍ ለማደስ የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም። ከሜዘንካይማል ዓይነት (የድድና የመቅኔ ስቴም ሴሎች ከሚመደቡበት) የመጀመሪያውን የፈቀደውም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ገደማ ሲሆን፣ እሱም ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ለሚገጥም የሕፃናት ችግር እንጂ ለጥርስ አይደለም።

መንቀልና ኢምፕላንት

ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ጥሩ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ለድድ ሕመም መድኃኒት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ያው ባክቴሪያ በኢምፕላንት ዙሪያም አጥንት ያጠፋል። በጣሊያን ኮርቴሊኒ ከባልደረቦቹ ጋር ተስፋ የተቆረጠባቸውን ጥርሶች በማደስና በመንቀል መካከል አነጻጽሮ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ከታደሱት ጥርሶች 88 በመቶው በአፍ ውስጥ ነበሩ፣ ወጪውም ከተተኩት ያነሰ ነበር። ሕሙማኑ በጥንቃቄ የተመረጡ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ የላቀ ልምድ ያላቸው፣ ክትትሉም ጥብቅ እንደነበር መታወስ አለበት። ቢሆንም ጥርስ ስለተነቃነቀ ብቻ ለመንቀል መቸኮል ተገቢ አለመሆኑን ያሳያል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚስማማው ጉዳት | በሰው ላይ ያለ ማስረጃ | ምንጭ | ቀዶ ሕክምና | አንጻራዊ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጥልቅ እጥበትና ክትትል | ሁሉም፣ እንደ መጀመሪያ ደረጃ | በጣም ጠንካራ | የለም | የለም | ዝቅተኛ |
| የአጥንት መሙያ ብቻ | የተከበበ ጉድጓድ | መካከለኛ | ከራስ፣ ከሰው፣ ከከብት፣ ከፋብሪካ | አንድ | መካከለኛ |
| ሜምብሬን (ከመሙያ ጋር ወይም ያለ መሙያ) | ጥልቅ ጉድጓድ፣ በሥሮች መለያያ ያለ ከፊል ጉዳት | ጠንካራ | ከአሳማ ወይም ከከብት ኮላጅን፣ ሰው ሠራሽ | አንድ | ከፍ ያለ |
| የኢናሜል ፕሮቲን | ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ | ጠንካራ | ከአሳማ | አንድ | ከፍ ያለ |
| የዕድገት ፋክተር | ጥልቅ ጉድጓድ | ጥሩ | ላብራቶሪ | አንድ | ከፍተኛ |
| ከራስ ደም የሚዘጋጅ ፋይብሪን | የተከበበ ጉድጓድ | መካከለኛ፣ ጥናቶቹ ይለያያሉ | ከራስ | አንድ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ከድድ የሚገኝ ስቴም ሴል | በጥናት ውስጥ የተመረጠ ጉድጓድ | ገና በጅምር | ከራስ | ሁለት | እጅግ ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፦ ያለውን ገንዘብ በጥልቅ እጥበትና በየሦስት ወሩ በሚደረግ ክትትል ላይ ያውል። አንድ ጊዜ ውድ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ክትትሉን ከማቋረጥ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ክትትሉን ማክበር ብዙ ጥርስ ያተርፋል። በቤትም ብሩሽ ወይም ለስላሳ ጫፍ ያለው መፋቂያ ቢጠቀም፣ በጥርሶች መካከል የሚገባ ቀጭን ብሩሽ መጨመር አለበት፤ ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

መካከለኛ አቅም ያለውና በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ያለበት ሰው ሜምብሬን ከመሙያ ጋር ወይም የኢናሜል ፕሮቲን ቢመርጥ ለገንዘቡ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያገኛል። ከአሳማ የሚመጣ ነገር የማይፈልግ ከሆነ ከከብት ኮላጅን የተሠራ ሜምብሬን ይጠይቅ፤ ያም ካልተገኘ ከራስ አጥንት ወይም ከሰው ሠራሽ መሙያ ጋር የሚቀመጥ የራስ ፋይብሪን ምክንያታዊ አማራጭ ነው። በኢትዮጵያ እነዚህ ቁሶች በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ የማሸጊያውን ጽሑፍና የመጠቀሚያ ጊዜውን ማየት፣ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑንም መጠየቅ ነውር አይደለም።

አጥንቱ በሁሉም ጥርሶች ዙሪያ እኩል ለወረደበት ሰው የማደስ ቀዶ ሕክምና መሸጥ አግባብ አይደለም። የሚጠቅመው ያለውን ማቆየት ነው፤ የሚነቃነቁትን እርስ በርስ ማሰር፣ ንክሻውን ማስተካከልና ክትትሉን መቀጠል።

ገንዘብ የማያሳስበውና ስቴም ሴል የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ የክሊኒክ ጥናት ነው። በእንዲህ ያለ ጥናት ተሳታፊው አብዛኛውን ጊዜ ለሚሞከረው ምርት አይከፍልም፣ የስምምነት ሰነድ በሚገባው ቋንቋ ያገኛል፣ በፈለገው ጊዜም መውጣት ይችላል። ጥናቱ በኢንተርኔት መዝገብ ላይ መመዝገቡ ብቻውን ሕክምናው ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ለእረፍት ሲመጡ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ተጉዘው ለመታከም ሲያስቡ የሚዘነጉት ነገር አለ፦ የማደስ ሕክምና ውጤት የሚለካው ከ9 እስከ 12 ወራት ቆይቶ ነው። ክትትሉን የሚያደርግ ሐኪም በሚኖሩበት ከተማ አስቀድመው ካላገኙ ባይጀምሩት ይሻላል።

ወላጆች የልጆቻቸውን የወተት ጥርስ ወይም የራሳቸውን ድድ በቅዝቃዜ ስለማስቀመጥም ይጠይቃሉ። ለድድ ሕመም ሲባል ዓመታዊ ክፍያ መክፈል አልመክርም። የድድ ስቴም ሴል ትልቁ ጥቅም በማንኛውም ዕድሜ ከአፍ መወሰድ መቻሉ ስለሆነ፣ ሕክምናው አንድ ቀን ቢጸድቅ ምንጩ ያኔም አብሮ ይኖራል።

አንድ ክሊኒክ ዛሬ «የስቴም ሴል ሕክምና» ቢያቀርብልዎት እነዚህን ይጠይቁ፦ ሕዋሱ ከየት ይወሰዳል፣ የትኛው ላብራቶሪ ያባዛዋል፣ ስንት ሳምንት ይፈጃል? በአንድ ቀጠሮ ተወስዶ በዚያው ቀን የሚቀመጥ ከሆነ በላብራቶሪ የተባዛ ሕዋስ ሊሆን አይችልም። የየትኛው መንግሥት አካል ፈቃድ አለው፣ ለየትኛው ሕመም? የእኔ ጉድጓድ ስንት ግድግዳ አለው፣ ኪሱስ በእያንዳንዱ ጥርስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ከዚህ በፊት ያደረጋችሁት ጥልቅ እጥበት ውጤቱ በጽሑፍ የት አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ የማይመልስ ክሊኒክ፣ ስቴም ሴል ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ቀዶ ሕክምናውን ለመጀመር ገና ዝግጁ አይደለም፤ የኪስ ልኬቱንና ራጁን ቅጂ ተቀብሎ ወደ ሌላ የድድ ሐኪም መሄድ ይቻላል።